አንድ መስመር፣ ሁለት ሰፈር፦ ጅማ ላይ ውሃን ከጎረቤት ሰፈር ጋር ለመካፈል የቱ ይሻላል?

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው መንፋት ይጀምራል። መጀመሪያ ረጅም "ፍሽሽሽ"፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ሰው ያስለዋል፣ ቀጥሎ ቡና የመሰለ ውሃ ነጩ ባልዲ ላይ ይረጫል። ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት በኩል ባለው ሰፈራችን ግማሹ ሰው የሚነሳው ይህን ድምፅ ሰምቶ ነው። የጀሪካን ግጭት ይሰማል። በር ይከፈታል። አንዷ እናት ልጇን ቀስ ብላ "ተነሽ፣ ውሃ መጣ" ትላለች። ታች ያለው ሰፈር በዚያ ሰዓት ተኝቷል። ውሃው እኛ ጋ የደረሰውም እነሱ ስለተኙ ነው።

ለብዙ ጊዜ ይህን የታች ሰፈር ሰዎች ጥፋት አድርገን ስናወራ ኖረናል። እነሱም "ላይኞቹ መቼም አይጠግቡም" ይሉናል። ሁለታችንም የምንጠጣው ግን ከአንድ መስመር ነው፤ ስለዚህ መምረጥ ያለብንም አብረን ነው። በአንድ መስመር ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰፈሮች ያሏቸውን መንገዶች እዚህ አወዳድራለሁ። የቱ ለማን እንደሚሆን እናገራለሁ፣ የማልደግፈውንም አልደብቅም።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በጋራ መስመር ላይ አንድ ቤት ለብቻው ያበጀው መፍትሄ ብዙ ጊዜ ለሌላው ቤት ችግር ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ ስመዝን "ስንት ሊትር ያስገኛል?" ብዬ ከጠየቅኩ በኋላ "ከማን ወስዶ?" ብዬም እጠይቃለሁ።

ውሃው ለምን ዳገቱን አይወጣም?

ጅማ ደረቅ አገር አይደለችም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ የአዌቱ ወንዝ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፣ የቧንቧ ውሃችንም ከግልገል ጊቤ ተስቦ ቦዬ ላይ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 120,960 ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቱ በየዳገቱ ወጥቷል፤ ቧንቧውም ቤቱን ተከትሎ እየተቀጠለ ወጥቷል። ዳገት ላይ ቤት መሥራት ይቻላል፣ ግፊትን ግን ዳገት ላይ መጎተት ሌላ ነገር ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት ወደ 1 ባር ግፊት ነው። እስቲ የውሃው ማጠራቀሚያ ከታችኛው ሰፈር በ40 ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። ታች ያለው ቧንቧ 4 ባር ያገኛል። ላይኛው ሰፈር ከታችኛው በ30 ሜትር ከፍ ካለ የሚቀረው 1 ባር ብቻ ነው፤ እሱም ማንም ቧንቧ ባልከፈተበት ሰዓት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታች መቶ ቤት አንዴ ሲከፍት፣ ውሃው ቧንቧው ውስጥ ሲሮጥ ግፊቱ እየተበላ ይሄዳል፣ ያቺ 1 ባርም ትጠፋለች። ታች ያለው ሰው ምንም አላጠፋም። ፊቱን እየታጠበ ነው።

ይህን ከተረዳን በኋላ ጭቅጭቁ ይቀንሳል። እኛ ሰፈር ቀንሷል።

ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቧንቧ ስር አስቀምጡና በስልካችሁ ሰዓት ለኩ። ቀትር ላይ፣ ማታ፣ ሌሊት። ታች ሰፈር ያለ ወዳጅም በዚያው ቀንና ሰዓት ይለካ። በ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ከሞላ በደቂቃ 7.5 ሊትር እያገኛችሁ ነው፣ እሱ ደህና ነው። 10 ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 2 ሊትር ነው። የአንድ ሳምንት ልኬት በደብተር ተጽፎ ሲቀርብ "ውሃ የለም፣ አለ" የሚለው ክርክር ያበቃል፤ ለሚመለከተው ቢሮም ከአቤቱታ ደብዳቤ ይልቅ ይህ ቁጥር ይናገራል።

የሚያስፈልጋችሁንም እወቁ። በ2ኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የተያዘው ግብ በቀን ለአንድ ሰው 80 ሊትር ነበር። ጅማ እዚህ ምድብ ውስጥ ነች። አምስት ሰው ላለበት ቤት 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ጀሪካን መሆኑ ነው። ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ከሆነ በሰው 20 ሊትር ያኖራል፤ ያ አምስት ጀሪካን ነው። የእያንዳንዱ ቤት ኑሮ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ነው።

ፈረቃ

ብዙ ሰፈር መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። መስመሩ ላይ መዝጊያ አለ፣ ሰኞ ለእኛ፣ ማክሰኞ ለእናንተ፣ አለቀ። ማንም ባዶ እጁን አይቀርም፣ ቀኑንም ያውቃል፤ ልብስ ማጠቢያውን፣ እንጀራ መጋገሪያውን በዚያ ያቅዳል።

ግን በአብዛኛው ፈረቃ የሚበላሸው ሰዓት እኩል ስለሚከፈል ነው። "እናንተም 6 ሰዓት፣ እኛም 6 ሰዓት" ሲባል ፍትሐዊ ይመስላል። ታች ጀሪካኑ በ1 ደቂቃ ይሞላል፣ ላይ በ4 ደቂቃ ይሞላል እንበል። በ6 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ቧንቧ ታች 360 ጀሪካን ይቀዳል፣ ላይ 90። ሰዓቱ እኩል ነው፣ ውሃው አራት እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ ስትደራደሩ ጀሪካን ቁጠሩ። ልኬቱን ደግሞ የሌላው ሰፈር መዝጊያ በተዘጋበት ሰዓት ውሰዱት፣ ያኔ ነው የፈረቃው እውነተኛ ቁጥር የሚወጣው።

ሌላም ሰው የማያስበው ነገር አለ። ባዶ የሆነ ቧንቧ መጀመሪያ ራሱ መሙላት አለበት። ውፍረቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ 1 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ብቻውን 7,850 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ወደ 390 ጀሪካን። የላይኛው ሰፈር ፈረቃ ሲጀምር የመጀመሪያው ጊዜ የሚያልፈው በዚህ ነው። ስለዚህ ለላይኞቹ በየቀኑ ሦስት ሦስት ሰዓት ከሚሰጣቸው በሦስት ቀን አንዴ ሙሉ ሌሊትና ጠዋት ቢሰጣቸው ይሻላቸዋል፣ ማጠራቀሚያ ካላቸው። ማጠራቀሚያ የሌለው ቤት ግን በዚህ ይጎዳል፤ ጎረቤቶች ተስማምተው ሊሸፍኑት ይገባል።

የፈረቃ ትልቁ ጉዳት ጤና ላይ ነው። ቧንቧው ግፊት ሲኖረው በስንጥቁ ውሃ ይወጣል። ባዶ ሲሆን ደግሞ በዚያው ስንጥቅ የውጪው ይገባል። ጅማ ላይ ክረምቱን ሙሉ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚከርመው፣ ቧንቧው ብዙ ቦታ ላይ ከቦዩ አጠገብ ነው የሚያልፈው፤ የሚገባው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ያ ቡና የመሰለ የመጀመሪያ ባልዲ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። አትጠጡት። ጥርት እስኪል ለመጸዳጃና ለግቢ ማጠቢያ ቅዱት። ቆጣሪያችሁንም እዩት፣ ውሃ ከመምጣቱ በፊት የሚነፋው አየር ሊያሽከረክረው ስለሚችል ቧንቧውን ከፍታችሁ አትተኙ።

ፈረቃን የመረጠ ሰፈር መዝጊያውን ማን እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ በጽሑፍ ይወስን። የማን ወንድም ነው፣ የማን አማች ነው የሚለው ሐሜት የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱም ሰፈር አንድ አንድ ሰው አብረው ቢሄዱ ሐሜቱ ይቀራል።

ፓምፕን ከመስመሩ ላይ ማሰር

ይህን አልመክርም፣ ለማንም።

ለምን ሰው እንደሚያደርገው ግን ይገባኛል። ልጆች ያሉት፣ የታመመ የሚያስታምም ሰው ቧንቧው ሲደርቅ ምን ያድርግ? አንድ ጎረቤታችን ፓምፕ ገዝቶ ቀጥታ ከመስመሩ ላይ አሰረው። የእሱ ሮቶ ሞላ። ከእሱ በላይ ያሉት ሰባት ቤቶች ያን ሳምንት አንድ ጀሪካን አልቀዱም። ከዚያ ሁለተኛው ገዛ፣ ሦስተኛው ገዛ። በመጨረሻ ፓምፕ ያለው ከፓምፕ ያለው ጋር ይጎተት ጀመር፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም እኩል ደረቀ። ገንዘቡ ሁሉ ወጥቶ ወደ መስመሩ የገባች አንድ ጠብታ ተጨማሪ ውሃ የለችም። ፓምፑ ውሃ አይሠራም፣ ያለውን ይሻማል።

ሲስብ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ከስንጥቁ የሚገባው ቆሻሻ ለሳቢው ብቻ አይደርስም፣ ከእሱ ወዲያ ላሉትም ይተርፋል።

ፓምፕ የግድ ካስፈለገ ትክክለኛው አደራረግ ይህ ነው። መጀመሪያ ውሃው በራሱ ጊዜ መሬት ላይ ወዳለ ሮቶ ይውረድ፣ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ይኑረው። ፓምፑ ከዚያ ሮቶ ወደ ላይኛው ሮቶ ይግፋ። ያኔ ከራሳችሁ ነው የምትስቡት። ፎቅ ላለው ሰው ይህ ደህና አማራጭ ነው።

ሮቶ፦ በየቤቱ ወይስ በጋራ?

እንደኔ እንደኔ የብዙ ሰፈር ምርጫ መሆን ያለበት እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የቤት ሮቶ ነፃነት አለው። ሌሊት ራሱ ይሞላል፣ እናንተ ትተኛላችሁ። ለእኛ ቤት ትልቁ ለውጥ ይህ ነበር፤ ልጆቼ ሌሊት መነሳት አቆሙ። ምን ያህል እንደምትፈልጉ ለማወቅ ሰውን በሊትር፣ ሊትሩን በቀን አባዙ። አምስት ሰው፣ በሰው 50 ሊትር፣ ውሃ በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ 750 ሊትር። ባለ 1,000 ሊትሩ ይበቃል። ባለ 2,000 የሚገዛ ሰው አለ፤ ግን መስመሩ በአንድ ሌሊት የሚሰጠው 800 ሊትር ከሆነ ቀሪው ፕላስቲክ ነው። ደግሞም ትልቁ ሮቶ ሞልቶ እስኪዘጋ ድረስ ከላይ ያለው ጎረቤት ይጠብቃል።

ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 1 ቶን ይመዝናል። በእንጨት ቆጥ ላይ የተሰቀለ አይቻለሁ፣ ቆጡ ተንጋዶ፣ ስሩ ልጆች ሲጫወቱ። እባካችሁ በድንጋይና በሲሚንቶ አሠሩት። ጥቁሩን ወይም ብርሃን የማያስገባውን ምረጡ፣ ብርሃን ከገባ አረንጓዴ ነገር ይበቅልበታል። ክዳኑ ይገጠም። ቢያንስ በስድስት ወር አንዴ ፈግፍጋችሁ እጠቡት።

የጋራው ደግሞ እንዲህ ነው። አሥር ቤት እያንዳንዱ ባለ 1,000 ከሚገዛ፣ በሁለቱ ሰፈሮች ድንበር ላይ ባለ 10,000 ሊትር አንድ ማጠራቀሚያ ከፍ ባለ መሠረት ላይ ይቀመጣል። ሌሊት ታች ሰፈር ሲተኛ ይሞላል። ቀን ለሁለቱም በቦኖ ያወርዳል። ጥቅሙ ለመግዛት አቅም የሌለውም ቤት መካተቱ ነው፤ ተከራይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት፣ ግቢ የሌለው ሰው። መስመሩንም የሚጎትተው አንድ ትልቅ ነገር በሌሊት ስለሆነ ቀን ላይ ሽሚያው ይቀንሳል።

ችግሩ ሰው ላይ ነው። ቦታው የማን ነው? ማን ያጥባል? ቧንቧው ሲሰበር ከየት ይከፈላል? እነዚህ ሳይመለሱ የተሠራ የጋራ ማጠራቀሚያ በሁለት ዓመት ውስጥ የወፍ ማረፊያ ይሆናል። መልሱ ሰፈር ውስጥ አለ፣ እድራችን። እድር ገንዘብ መሰብሰብ፣ መዝገብ መያዝ፣ የማይከፍለውን መምከር ከድሮ ጀምሮ ያውቅበታል። ከሁለቱም እድር ሁለት ሁለት ሰው ያለበት የውሃ ኮሚቴ፣ በየወሩ ሒሳቡን ቡና ላይ የሚያነብ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። ውሃ የሚቀዳው፣ የሚሸከመውና የሚያብቃቃው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቦኖው ስንት ሰዓት ቢከፈት እንደሚሻል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ምርጫችሁ እንዲህ ይሁን። የሰፈሩ አብዛኛው ሰው ባለግቢና ቋሚ ነዋሪ ከሆነ የቤት ሮቶ ያስኬዳል፣ መጠኑን ተስማምታችሁ ወስኑ። ተከራይ የሚበዛበት፣ ግቢው ጠባብ የሆነ ሰፈር ከሆነ የጋራው ይበልጣል። ሁለቱንም መቀላቀል ይቻላል።

ቦኖ

ቦኖ የድሮ ነገር ነው ብለው የሚንቁት አሉ። እኔ አልስማማም። በትክክል ከተሠራ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሰው ያጠጣል።

ቁጥሩን ግን አትሳቱ። ስፊር የተባለው የአስቸኳይ እርዳታ መመሪያ ለአንድ ቧንቧ አፍ ከ250 ሰው አይብለጥ ይላል፣ ውሃው በደቂቃ 7.5 ሊትር ከወረደ። ይህ በቀን ለሰው 15 ሊትር አስልቶ ነው። አባዙት፣ 3,750 ሊትር ለመቅዳት 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያለማቋረጥ መውረድ አለበት። በሰው 20 ሊትር ካላችሁ ከ11 ሰዓት ያልፋል። እንግዲህ ሁለት ሰፈር፣ ስድስት መቶ ሰው፣ አንድ የቧንቧ አፍ ያለው ቦኖ ብታስቡ የሚሆነውን እዩት። ሰልፉ ላይ የጅማ በርጩማ ይዘው የሚመጡ እናቶች አይቻለሁ፣ ሦስት እግሯን መሬት ላይ ተክለው ግማሽ ቀን የሚቀመጡ። መመሪያው ሰልፉ ከ30 ደቂቃ፣ ርቀቱ ከ500 ሜትር አይብለጥ ይላል። ስለዚህ ለሁለት ሰፈር ቦኖ ስትጠይቁ "ቦኖ ይሠራልን" አትበሉ፣ "አራት አፍ ያለው" በሉ።

ቦታውም ትልቅ ነገር ነው። 20 ሊትር 20 ኪሎ ነው። ሙሉውን ጀሪካን ይዞ ቁልቁል መውረድና ሽቅብ መውጣት አንድ አይደለም። ድንበሩ ላይ ስትሠሩት ወደ ላይኛው ሰፈር አስጠጉት፤ ታችኞቹ ባዶውን ይዘው ይወጣሉ፣ ሙሉውን ይዘው ይወርዳሉ። ግፊቱ ግን እዚያ ድረስ መውጣቱን ቀድማችሁ ለኩ፣ ካልወጣ የጋራ ማጠራቀሚያ ያስፈልገዋል። ለልጆችና ለአዛውንቶች ጀሪካኑን የሚያስቀምጡበት ከፍ ያለ መደገፊያ ይሠራ፤ ከመሬት ማንሳቱ ነው ወገብ የሚሰብረው። የፈሰሰው የሚሄድበት ቦይም አይረሳ፣ አለበለዚያ ክረምት ላይ ጭቃ ነው።

የግል ቆጣሪ፣ የጋራ ቆጣሪ፣ ከጎረቤት መግዛት

ብዙ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚኖረው። አከራዩ ይከፍላል፣ ወሩ ሲያልቅ ለሰው ይካፈላል። ሲታይ ርካሽ ነው። የማይታየው ነገር የውሃ ታሪፍ በአገራችን ከተሞች በአብዛኛው በደረጃ የሚጨምር መሆኑ ነው፣ ትንሽ የተጠቀመ በርካሹ ዋጋ፣ ብዙ የተጠቀመ በውዱ። አምስት ቆጣቢ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ቆጣሪው እንደ አንድ አባካኝ ቤት ነው የሚያያቸው። በጣም ድሃው ሰው በውዱ ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው። ከጎረቤት በጀሪካን የሚገዛ ሰው ደግሞ በዚያ ላይ የሻጩን ትርፍ ይጨምራል፤ በባጃጅ ወይም በጋሪ ካስመጣ የማጓጓዣውንም።

ስለዚህ ቋሚ ነዋሪ ከሆናችሁና ለቅጥያው የሚጠየቀውን ገንዘብ በእቁብም ቢሆን ማውጣት ከቻላችሁ የራሳችሁን ቆጣሪ አስገቡ። የመጨረሻውን ደረሰኝ በቤተሰብ ብዛት አካፍላችሁ፣ ለብቻችሁ ብትሆኑ በየትኛው ደረጃ እንደምትወድቁ አስሉት። አካባቢያችሁ ያለው ቦኖ በአግባቡ የሚሠራ ከሆነ ግን ለትንሽ ቤተሰብ ቦኖው ሊበልጥ ይችላል። በጋራ ቆጣሪ ላይ ከቀራችሁ ቁጥሩን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሁላችሁም አብራችሁ አንብቡት። ፎቶ አንሡት።

ቦቴ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለግንባታ ነው። በየሳምንቱ ቦቴ የሚያስመጣ ሰፈር ገንዘቡን ለጋራ ማጠራቀሚያ ቢያውለው ይሻለዋል።

ከመስመሩ ውጪ ያለው ውሃ

ጅማ ላይ ጉድጓድ ያለው ግቢ ብዙ ነው፣ ውሃው ሩቅ አይደለም። ለልብስ፣ ለወለል፣ ለከብት፣ ለጓሮ ጎመን ጥሩ ነው፤ በዚህ የተሸፈነ እያንዳንዱ ሊትር ከመስመሩ አይቀዳም። ለመጠጥ ግን ከመጸዳጃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፣ መጸዳጃውም ከላይ በኩል መሆን የለበትም። የጎረቤት መጸዳጃም ይቆጠራል። ከአጥር እስከ አጥር 15 ሜትር በሆነበት ሰፈር ይህን የሚያሟላ ጉድጓድ የት ይገኛል? ስለዚህ ሳይታከም አትጠጡት።

የጣሪያ ውሃ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ በጣም የተናቀ ሀብት ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ 10 ሚሊ ሜትር የዘነበ ቀን፣ የሚባክነው ተቀንሶ ወደ 320 ሊትር ይገኛል፣ 16 ጀሪካን ከአንድ ከሰዓት ዝናብ። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ይሠራል። የመጀመሪያውን ውሃ፣ አቧራውንና የወፍ ኩሱን ያጠበውን፣ ድፉት። የምትፈልጉት አሸንዳና በርሜል ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን አትተማመኑበት፤ እነዚያ ወራት የመስመሩ ፈተና ናቸው።

መጀመሪያ ግን የሚንጠባጠበውን

ከሁሉም ርካሹ አማራጭ ይህ ሆኖ ሳለ ማንም አይመርጠውም። ሁለታችን ሰፈር መካከል፣ መንገዱ ጥግ፣ ሁሌ እርጥብ የሆነች ቦታ ነበረች። ልጆች እግራቸውን የሚታጠቡባት፣ ሐሙስ ከገበያ የሚመለሱ አህዮች የሚጠጡባት። አንድ ቀን ጀሪካን ደገንን። በ10 ደቂቃ ሞላ። በቀን 144 ጀሪካን፣ 2,880 ሊትር። በሰው 80 ሊትር ቢታሰብ የ36 ሰው ውሃ። እኛና ታችኞቹ ፈረቃውን ስንጨቃጨቅ ያ ሁሉ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ነበር። ልኬቱን ጽፈን፣ ከሁለቱም ሰፈር ፈርመን አስገባን፣ ተጠገነ። ከማንም አልተወሰደም።

ሰፈራችሁን አንድ ቅዳሜ ጠዋት በእግር ዙሩት፣ ከታችኞቹ ጋር። በጋ ላይ አረንጓዴ ሣር ያለበት የመንገድ ዳር ተጠርጣሪ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ

በፈረቃ የመጣ፣ በሮቶ የቆየ፣ በጀሪካን የተጓዘ ውሃ ቤት ውስጥ መታከም አለበት። ሰፈር ሱቅ የሚገኙት ውሃ አጋርና ቢሻን ጋሪ አንድ አይደሉም። ውሃ አጋር ክሎሪን ነው፣ ለጠራ ውሃ ይሆናል። ቢሻን ጋሪ ደለሉን አዝቅጦ ጀርሙንም ይገድላል፤ ለደፈረሰ ውሃ እሱ ይሻላል፣ በጨርቅ አጥልሉት። መጠኑን ማሸጊያው ላይ አንብቡ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ማፍላት ከቻላችሁ ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ጀሪካኑን በአሸዋና በሳሙና እየናጣችሁ እጠቡት፣ የመጠጡን ከሌላው ለዩ።

እኛ የመረጥነው

እኛ ሰፈርና ታችኞቹ አሁን የደረስንበት ድብልቅ ነው። መፍሰሱን ጠገንን። በመስመሩ ላይ የታሰሩ ፓምፖች ይፈቱ ተባለ፤ ሁለት ቤት ዘግይቷል፣ ሽማግሌ ተልኳል። ፈረቃው በሦስት ቀን አንዴ ሆነ፣ ለላይኛው ሰፈር የሚበልጥ ሰዓት ተሰጥቶት፣ በጀሪካን ልኬት። ታችኞቹ ይህን ሲቀበሉ አንዲት እናት "እኔ ቧንቧ ስከፍት የእናንተ እንደሚዘጋ አላውቅም ነበር" አሉ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ረጅም አልነበረም። የጋራ ማጠራቀሚያው ገና ነው፣ ቦታው ላይ እየተነጋገርን ነው፤ አንዱ እድር የድንኳን ማስቀመጫውን ጓሮ ሊሰጥ ይችላል።

እስከዚያው እናንተም ዛሬ ማታ ጀሪካኑን ቧንቧ ስር አስቀምጡና ለኩ። ታች ሰፈር ለምታውቁት ሰውም ደውሉለት፣ በዚያው ሰዓት እሱም ይለካ።